ሰባተኛዋ ተጫዋች

“አጥብቃችሁ ያዙ!” ብሎ ጮኸ ሾፌሩ ኑሬ፣ ቅጥቅጡን አይሱዙ ከአስፋልቱ አውርዶ ወደ ማሳው ዳር እየነዳው። ኤቢሴ ከፊቷ ያለውን የወንበር ብረት ጨበጠች። ከላይ የታሰረው የኳስ መረብ ተፈትቶ ወደቀና ኳሶቹ በመተላለፊያው ላይ እየነጠሩ ወደ ኋላ ሮጡ። በሌላ ቀን ቢሆን ልጆቹ በሳቅ በፈነዱ ነበር። ያን ቀን ግን አንዷም እንኳ ጎንበስ ብላ አላነሳቻቸውም።

ከፊታቸው፣ መቂ መግቢያ ላይ፣ መንገዱ በድንጋይና በግንድ ተዘግቷል። የጎማ ጭስ የጠዋቱን ፀሐይ አጠልሽቶታል። ዘመኑ 2010 ዓ.ም.፣ ወሩ የካቲት ነበር። ያ ዓመት ከአዳማ ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት ጠፍቶ ሰው ሁሉ ወሬ ከሾፌር የሚለቅምበት ዓመት ነው። ከቤቱ የወጣ ሰው እመለሳለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ አይናገርም።

ድርና ማግ የተባለው የሴቶች እግር ኳስ ቡድናቸው ግን በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻሸመኔ ሜዳ መገኘት ነበረበት። ከጥቂት ሳምንታት በፊት መንገድ ተዘግቶባቸው ለአንድ ጨዋታ ሳይደርሱ ቀርተው ፎርፌ ሰጥተዋል። በውድድሩ ደንብ ደግሞ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ፎርፌ የሰጠ ክለብ ከሊጉ ይሰረዛል። የቡድን መሪው ጋሽ ወዬሳ ጨዋታው እንዲራዘም ቢለምኑ፣ ቢያስለምኑ፣ ከኮሚቴው ያገኙት መልስ አንድ ነው፤ “ሌሎቹ ደርሰዋል፤ እናንተም ድረሱ።”

ጋሽ ወዬሳ ከኑሬ ጎን፣ ኮታቸውን እንደቆለፉ ተቀምጠዋል። ክለቡን የመሠረቱት በደርግ ጊዜ የአዳማ የክር ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፤ የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው፣ ጥጥ ከፀጉራቸው ሳያራግፉ፣ ጎህ ሲቀድ ኳስ የሚያባርሩ ወጣቶች። ወዬሳ ያኔ የቀኝ ተከላካይ ነበሩ። ኋላ የሠራተኛው ስፖርት ኮሚቴ ፀሐፊ ሆነው “ጓድ ወዬሳ” ተባሉ። መንግሥት ሲለወጥ “አቶ ወዬሳ” ሆኑ፤ ፀጉራቸው ሲሸብት ደግሞ “ጋሽ ወዬሳ”። ማዕረጉ ይለዋወጥ እንጂ ሰውየው ከዚያ ሜዳ ዳር ፈቀቅ ብለው አያውቁም። ደጋፊው በጭነት መኪና ተጭኖ “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!” እያለ እስከ አቦምሳና አሰላ ይከተላቸው የነበረበትን ዘመን አይተዋል። ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ማሽኖቹ ተነቅለው ሲጫኑ አይተዋል። የወንዶቹ ቡድን ሲፈርስም በዓይናቸው አይተዋል። አሁን ስሙን ተሸክመው የቀሩት ሴቶቹ ብቻ ናቸው፤ ከሴቶቹም ግማሾቹ ወደ ሌላ ክለብ ሄደዋል። አሰልጣኙም ሄዷል።

ፊታቸውን በሻርፕ የሸፈኑ ወጣቶች ማሳው ዳር ድረስ መጥተው መኪናውን ከበቡት። ጋሽ ወዬሳ በሩን ከፍተው ወረዱ።

“አካም ጅርቱ፣ ኢጆሌ ኮ” አሏቸው፤ እንደ አባት ልጆቼ ብለው።

ወጣቶቹ ሰላምታውን መለሱ። አንደኛው ግን ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ በኦሮምኛ ጠየቃቸው። “ወዴት ነው?”

“ሻሸመኔ። ጨዋታ አለብን።”

“ሰው እየሞተ ኳስ?”

ጋሽ ወዬሳ አንገታቸውን ደፉ። “ድርና ማግ ነን፣ ልጄ” አሉ በመጨረሻ።

ወጣቱ ሻርፑን ከአፉ ዝቅ አደረገ። “ድርና ማግ? አባቴ ስለሱ ያወራ ነበር።” ወደ መኪናው መስኮት ቀና ብሎ ልጆቹን አየ። ከዚያ በግርምት፣ ያለ ምንም ክፋት፣ “አሁንም አለ እንዴ?” አለ።

ኤቢሴ ይህን በመስኮቱ ሰማች። የጋሽ ወዬሳ ጀርባ ሲጎብጥም አየች።

“አለ” አሉ ሽማግሌው። “ዛሬን ካሳለፋችሁን፣ አለ።”

ወጣቱ በዱላው ከበቆሎ አገዳው ባሻገር ያለውን የጋሪ መንገድ አመለከተ።

ባቱ የደረሱት ረፋዱ ላይ ነው። ከአዳማ የተነሱት ስድስት ተጫዋቾች ብቻ ነበሩ፤ አምስቱ ባቱና አካባቢዋ ስለሚኖሩ መናኸሪያው በር ላይ ሊጠብቁ ተቃጥረዋል። መናኸሪያው ተዘግቷል። ባጃጅ የሚባል ነገር አይታይም። የሱቆቹ ቆርቆሮ በር ወደ ታች ተስቧል። ኑሬ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀ። ኤቢሴ ስልኳን ደጋግማ ሞከረች፤ አይሰራም።

ብዙ ከቆዩ በኋላ አንዲት ጋሪ ከሐይቁ በኩል እየጋለበች መጣች። ከላይዋ ከአምስቱ አንዷ፣ ሊዲ፣ ቆማለች፤ ታኬታዋን በማሰሪያው አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በአንድ እጇ የጋሪውን ጠርዝ ይዛ። ከጋሪው ዘላ ወርዳ ወደ መኪናው ገባች።

“ሌሎቹስ?” አለቻት ኤቢሴ።

“አይመጡም። የሙሉአለም እናት በሩን ከውጭ ቆለፉባት። በመስኮት እያለቀሰች ነው ያናገረችኝ። ሌሎቹንም ቤተሰብ ከልክሏቸዋል። በዚህ መንገድ ልጅ አይላክም አሉ።”

“አንቺን ማን ለቀቀሽ?”

ሊዲ ትከሻዋን ነቀነቀች። ከምትሠራበት የአበባ እርሻ አጠገብ የተከራየችው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነው የምትኖረው። “እኔን ማን ይቆልፍብኛል?” አለች፤ እንደ ቀልድ ነው ያለችው፤ ማንም ግን አልሳቀላትም።

ጋሽ ወዬሳ ወደ ኋላ ዞረው አንድ በአንድ አዩአቸው። “ሰባት” አሉ። “ሰባት ይበቃል። ሕጉ ከሰባት በታች ከሆነ ነው ጨዋታው ተቋርጦ ፎርፌ የሚሆነው።”

ግብ ጠባቂዋ ሃፍሳ ሻርፗን አስተካክላ ቀና አለች። “ጋሼ፣ ሰባት ሆነን ዐሥራ አንድ ልንገጥም ነው?”

“ልንገጥም አይደለም፣ ሃፍሳ። ልንቆም ነው። ሃያ ያግቡብን፤ ሠላሳ ያግቡብን። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ሰባታችሁ ሜዳ ላይ ከቆማችሁ ክለቡ አለ። ከዚህ ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም። ገባሽ፣ ካፒቴን?”

“ገብቶኛል፣ ጋሼ” አለች ኤቢሴ።

ኤቢሴን ከአቦምሳ ያመጧት እሳቸው ናቸው። ከትምህርት ቤት ውድድር ላይ አይተዋት፣ አባቷ ደጅ ተመላልሰው፣ ለምነው ነው የወሰዷት። ያን ሁሉ ዓመት ስላሸነፈችም ስለተሸነፈችም ተቆጥተዋታል፤ መሸነፍን ግን ጠይቀዋት አያውቁም ነበር። ኤቢሴ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ግራና ቀኝ የሚሸሸውን የግራር ዛፍ እያየች፣ ይህ ሰው ምን ያህል ቢጨንቀው ነው አለች በልቧ።

የሻሸመኔ ሜዳ ባዶ ሊባል ምንም አይቀረውም። ጥቂት ፖሊሶች፣ ጥቂት ጫት የያዙ ወጣቶች፣ ከአጥሩ ውጭ ጭነት የቆመባቸው የከባድ መኪና ሾፌሮች። የባለሜዳው ቡድን ካፒቴን ኮከብ ከዓመታት በፊት የድርና ማግ ልጅ ነበረች፤ ከኤቢሴ ጋር በአንድ ክፍል ተኝተዋል። ሁለቱ መሐል ሜዳ ላይ ዓርማ ሊለዋወጡ ሲገናኙ ኮከብ ከኤቢሴ ጀርባ ባሻገር አየች።

“ሌሎቹስ?”

“ይኸው ነን።”

ኮከብ የተሸመነውን ትንሽ ዓርማ ተቀበለች። መወርወሪያና ክር አለበት፤ ፋብሪካው ሳይዘጋ በፊት በራሱ ማሽን ላይ የተሠራ ነው። በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። “ኤቢ፣ ምን ነካችሁ?” አለች በሹክሹክታ። ኤቢሴ እጇን ጨበጠቻትና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ጨዋታ የሚባል አልነበረም። ስድስቱ በግባቸው ፊት እንደ አጥር ተደርድረው ኳሱን ወደ ውጭ ይጠልዛሉ፤ ኳሱ ይመለሳል፤ እንደገና ይጠልዛሉ። ሃፍሳ ከወደቀች የማትነሳ እስኪመስል ድረስ ትወድቃለች፤ ትነሳለች። ከእረፍት በፊት ግቡ ስድስት ደረሰ። መጀመሪያ ላይ ከአጥሩ ዳር ያለው ሰው ይስቅ ነበር። “ሰባት በረኛ ለአንድ ግብ!” ይላል አንዱ፤ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ። ከሰዓት ፀሐይ እየከረረ ሲሄድ ሳቁ ጠፋ። ሰው እየሳቀ ሊያየው የማይችለው ነገር ሆነበት መሰል፤ አንዳንዶቹ ተነስተው ሄዱ።

ከእረፍት መልስ የሻሸመኔ ልጆችም ቀዘቀዙ። ኮከብ ኳስ ስታገኝ ወደ ኋላ ትመልሳለች። ከአሰልጣኛቸው በኩል “ወደ ፊት!” የሚል ጩኸት ቢመጣም አንዷ ለሌላዋ እያቀበለች ጊዜ ታሳልፋለች። ኤቢሴ አዘኔታውን አይታ አንገቷን ደፋች። ከገባባቸው ግብ ሁሉ ይልቅ ያመማት እሱ ነው። ግን ሰዓቱ እየሄደ ነበር። መስመሩ ዳር ጋሽ ወዬሳ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ይጸልዩ፣ ይቁጠሩ አይታወቅም።

ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀር የማዕዘን ምት ተመታ። ሊዲ ከሁሉም በላይ ዘለለች። ከኋላዋ የዘለለችው የሻሸመኔ ልጅ ግንባር ከሊዲ ሰረሰር ጋር ሲጋጭ ድምፁ ሜዳው ዳር ድረስ ተሰማ። ሊዲ በአየር ላይ እያለች እጆቿ ተንጠለጠሉ፤ ስትወድቅም ራሷን ለመከላከል አልሞከረችም።

ኤቢሴ ሮጣ ደረሰች። የባለሜዳው ነርስ ቦርሳዋን ይዛ መጣች። ሊዲ ዓይኗን የገለጠችው ቆይታ ነው። ወደ ጎን ዞራ አስመለሳት። ከዚያ የኤቢሴን ማሊያ ያዘች።

“ባቱ ደረስን?” አለች።

“ሊዲ፣ እኔን እይኝ።”

“ጋሪው የታለ?”

ነርሷ ዳኛዋን ቀና ብላ አየቻት። “ትውጣ። ሆስፒታል ትሂድ” አለች።

በዚህ መሐል ጋሽ ወዬሳ ሳይፈቀድላቸው ሜዳ ገብተው ነበር። ኮታቸው ተከፍቷል። ሣሩ ላይ ተንበርክከው የሊዲን እጅ ያዙ። “ልጄ፣ ሊዲዬ፣ ትንሽ ነው የቀረው። ቆመሽ ብቻ። ግቡ አጠገብ ቋሚውን ይዘሽ ትቆሚያለሽ፤ ኳስ አትነኪም። ማንም አይነካሽም።” ቀና ብለው ዳኛዋን ለመኑ። “ትቆማለች። እግሯ ደህና ነው። ትቆማለች።”

ሊዲ ይህን ሰምታ እንደሆነ እንጃ፣ መነሳት ጀመረች። በሁለት እጇ መሬቱን ገፍታ ቀጥ አለች። “እችላለሁ” አለች። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄደች፤ ሦስተኛው ወደ ጎን ወሰዳት። ኤቢሴ በብብቷ ገብታ ደገፈቻት። የልጅቷ ክብደት ሁሉ ትከሻዋ ላይ ወደቀ።

ዳኛዋ ሰዓቷን አየች። “ካፒቴን፣ ነርሷ ትውጣ ብላለች። ከወጣች ደግሞ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ቃልሽን ልስማ።”

የሻሸመኔ ልጆች ከበው ቆመዋል። ኮከብ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ኤቢሴ የሊዲን ፊት በእጇ ይዛ ወደ ራሷ መለሰችው። ዓይኖቿ ክፍት ናቸው፤ ግን አልፈዋት ሌላ ነገር ይፈልጋሉ። ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ለአንድ ሽማግሌ ዕድሜው ሁሉ፣ ለሰባቱ ቤታቸው የሆነ ነገር በዚህች ሩብ ሰዓት ላይ ተንጠልጥሏል። ልጅቷ ደግሞ ቆሜያለሁ፣ እችላለሁ ትላለች። ዝም ማለት ይበቃ ነበር። ኤቢሴ ዝም ብትል ሁሉም ዝም ይላል።

“ትወጣለች” አለች።

“ኤቢሴ!” ጋሽ ወዬሳ ካፒቴን ማለቱን ረሱት። “ምን ነካሽ? ሰባት ነን እኮ! ሰባት ነን!”

“ስድስት ነን፣ ጋሼ።”

ዳኛዋ አንዴ፣ አጭር አድርጋ፣ ፊሽካዋን ነፋች። ከዚያ የማስታወሻ ካርዷን ከኪሷ አውጥታ የሆነ ነገር ጻፈችና ወደ መሐል ሜዳው ሄደች። ሃፍሳ የግቡ መረብ ላይ ፊቷን ደፍታ ቀረች። ጋሽ ወዬሳ ከተንበረከኩበት አልተነሱም። ድርና ማግ የተባለው ክለብ ታሪክ እዚያ ላይ አበቃ፤ ሻሸመኔ ላይ፣ በከሰዓቱ ፀሐይ፣ ሳያሸንፍም፣ ተጫውቶ ሳይሸነፍም።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሊዲን ወዲያው ተቀበሏት። ራጅ ተነሳች። ሌሎቹ ማሊያቸውን ሳያወልቁ፣ ታኬታቸው ሲሚንቶው ላይ እየተንቋቋ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ጠበቁ። አመሻሹ ላይ አንድ ወጣት ሐኪም ወጣ።

“አይዟችሁ። ስብራት የለም። ጭንቅላቷ ትንሽ ተናውጧል። ዛሬ እዚህ ትደርና ነገ ትወጣለች።”

“ተመስገን!” አሉ ጋሽ ወዬሳ፤ ድምፃቸው ከልባቸው ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው “ትንሽ” አሉ። “ትንሽ ነው ያለው።”

ማንም ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም። ኤቢሴ ሐኪሙን ተከትላ ሄደች።

“ዶክተር፣ ሩብ ሰዓት ያህል ሜዳ ላይ ብትቆይ ኖሮስ?”

ሐኪሙ ጥያቄው አልገባውም። “ማለት?”

“ምን ትሆን ነበር?”

“ይህን እኔ ላውቅ አልችልም። ምናልባት ምንም። ምናልባት ደግሞ ሌላ ምት ቢያገኛት…” ከውስጥ ጠሩት። “አሁን ደህና ናት፤ እሱን ያዢ” ብሏት ገባ።

ሊዲ አልጋው ላይ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። አእምሮዋ ተመልሷል። ኤቢሴ ስትገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

“ቆሜ ነበር እኮ” አለች።

“እየወደቅሽ ነበር፣ ሊዲ።”

“ብወድቅ እነሳ ነበር! ቋሚውን ይዤ እቆም ነበር። ማን ጠየቀኝ? እኔ ማነኝና ነው ለእኔ ተብሎ ክለብ የሚፈርሰው?” ድምፅዋ ተሰበረ። “አንቺ አቦምሳ ቤተሰብ አለሽ። ሃፍሳ እናቷ አለች። እኔ ከሥራ ስወጣ ወዴት ነው የምሄደው? ሰኞ ወዴት ነው የምሄደው፣ ኤቢ?”

ኤቢሴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እጇን ልትነካት ስትል ሊዲ እጇን ከብርድ ልብሱ በታች ከተተችው።

በማግስቱ ጠዋት ኑሬ ሞተሩን እያሞቀ “መንገዱ ተከፍቷል” አለ። “ከሌሊቱ ጀምሮ መኪና ያልፋል አሉ። ክፍት ነው፤ እስከ ሞጆ።” ካለ በኋላ ያለውን ነገር ራሱ ሰማውና የሬዲዮውን ቁልፍ መነካካት ጀመረ።

መንገዱ በእርግጥም ክፍት ነበር። አርሲ ነገሌን፣ ቡልቡላን ያለ ምንም ማቆሚያ አለፉ። ባቱ ላይ ባጃጆቹ ተመልሰው መናኸሪያው በር ላይ ተሰልፈዋል። ሊዲ ሃፍሳን አቀፈች፤ ሌሎቹንም ሳመች፤ የጋሽ ወዬሳን ጉልበት ነካች። በኤቢሴ አጠገብ ግን ዓይኗን ሳታነሳ አልፋ ወረደች። ታኬታዋን ወንበሩ ላይ ትታው ነበር። ሃፍሳ በመስኮት ብትጠራት ዞራ አየችና እጇን አወዛውዛ፣ “ይቅርብኝ” ብላ፣ ሄደች።

መቂን ሲያልፉ ኤቢሴ ከኋላ ተነስታ ከጋሽ ወዬሳ አጠገብ ተቀመጠች።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ።”

ሽማግሌው ከመንገዱ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም። “ለምኑ? አንቺ ልክ ነሽ።” የኮታቸውን ቁልፍ በጣታቸው አሻሹ። “እኔ ብሆን አላስወጣትም ነበር፣ ልጄ። ፈጣሪ ያውቃል፤ ብትሞትም ፊሽካው እስኪነፋ አላስወጣትም ነበር። ትናንትና ሣሩ ላይ ተንበርክኬ ያሰብኩት እሱን ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ክለቡን ለልጆቹ ብዬ ነው የያዝኩት ስል ነበር።” ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። “ይህን ስለ ራሴ ሳላውቅ ብሞት ይሻለኝ ነበር።”

ኤቢሴ ልታጽናናቸው እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። እሳቸውም ያን የጠበቁ አይመስሉም ነበር።

አዳማ የገቡት ከቀትር በኋላ ነው። ኑሬ እንደ ልማዱ ድሮ የፋብሪካው በር በነበረው ቦታ አጠገብ መኪናውን አቆመ። ልጆቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወረዱ፤ ግን አልሄዱም። ከማንኛውም ጉዞ ሲመለሱ እዚያው ክብ ሠርተው ይቆሙና ጋሽ ወዬሳ የሚቀጥለውን ልምምድ ሰዓት ይነግሯቸዋል፤ ሳይነግሯቸው ተበትነው አያውቁም። አሁንም እግራቸው ራሱ አቁሟቸዋል። በአጠገባቸው ባጃጅ ጥሩምባዋን ነፍታ አለፈች።

ጋሽ ወዬሳ ከመኪናው ወርደው ወደ ክቡ ገቡ። ስድስቱን አዩአቸው። አፋቸውን ከፈቱ። ኮታቸውን ቆለፉት፤ መልሰው ፈቱት።

“ወደየቤታችሁ ግቡ እንግዲህ” አሉ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ኤቢሴ ካፒቴን ነበረችና፣ መጀመሪያ መሄድ ያለባት እሷ እንደሆነች ገባት። ሻንጣዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ መንገዱን ተሻገረች፤ ወደ ኋላም አልተመለከተችም።